ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ራዲዮ

ፍራንክ ኮንራድ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ፒትስበርግ ጥግ ዊልኪንስበርግ ከሚገኘው ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ፎቅ ይወጣና በገዛ እጁ በሠራው ማሰራጫ እንደ እሱ ያሉ የራዲዮ አፍቃሪዎችን ያነጋግራል። ወሬያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይሰማል? አይሰማም? ጠርቶ መጣ ወይስ ተቆራረጠ? በኦክቶበር 1919 አንድ ምሽት ግን (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኮንራድ ማይክሮፎኑን ከአፉ አንሥቶ የግራሞፎን ጡሩምባ ፊት ደቀነው። ሸክላው መዞር ጀመረ። በአካባቢው ማዳመጫ ጆሮአቸው ላይ የደፉ ሰዎች ከአየር ላይ ሙዚቃ ሰሙ።

ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። አንዱ ይህን ዘፈን ድገምልን ይላል፣ ሌላው ሰዓቱን ቁረጥልንና ዘመድ ጠርተን እንስማ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ኮንራድ ያለውን ሸክላ ሁሉ አጫውቶ ጨረሰ። በዚያችው ከተማ ሃሚልተን የሚባል የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ነበርና ባለሱቁን ሸክላ አውሰኝ አለው። ባለሱቁ እሺ አለ፤ በምላሹ የሱቁ ስም በአየር ላይ እንዲጠራ ጠየቀ። ተስማሙ። ጥቂት ሳምንታት አለፉና ባለሱቁ አንድ ነገር ልብ አለ፦ በራዲዮ የተሰማው ሸክላ ካልተሰማው ይልቅ ይሸጣል።

የኋላው ነገር ሁሉ ዘሩ እዚህች ሱቅ ውስጥ ነው። ራዲዮ ወደ ሙዚቃ ዕቃ ንግድ የገባው በዋናው በር፣ ባለሱቁ ራሱ እጁን ዘርግቶለት ነው። በሴፕቴምበር 1920 ጆሴፍ ሆርን የተባለው የፒትስበርግ ትልቅ መደብር የኮንራድን ሙዚቃ መስማት ለሚፈልጉ መቀበያ ከ10 ዶላር ጀምሮ እንደሚሸጥ በጋዜጣ አስነገረ። ማስታወቂያውን ካነበቡት አንዱ የዌስቲንግሃውስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሃሪ ዴቪስ ነበር። ሰው ሙዚቃ ለመስማት መሣሪያ የሚገዛ ከሆነ፣ መሣሪያውን የሚሠራው ኩባንያ ሙዚቃውን በየቀኑ ማሰማት አለበት ብሎ አሰበ። በኖቬምበር 2 ቀን 1920 ኬዲኬኤ የተባለው የኩባንያው ጣቢያ ሃርዲንግ ያሸነፈበትን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት እያሰማ ሥራ ጀመረ።

እኛ አገር ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ያኔ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር። ሸክላ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ የአሜሪካ ባለሱቅ መሆን አያሻም። ፒያኖ ግን ሌላ ነገር ነው። ራዲዮ ምን እንዳናጋ ለመረዳት፣ ፒያኖ በአንድ አሜሪካዊ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን በአንድ መካከለኛ የአሜሪካ ከተማ ዋና ጎዳና ላይ ወዳለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የገባ ሰው፣ ፊት ለፊት የሚያገኘው ረድፍ ረድፍ የቆሙ ፒያኖዎችን ነው። ግድግዳው ላይ ቫዮሊንና ማንዶሊን ተሰቅሏል። በአንድ ጎን የኖታ ወረቀት መደርደሪያ አለ፤ ከጀርባው ደግሞ በር ተዘግቶ ሸክላ የሚሰማባቸው ትንንሽ ክፍሎች። ይህ ሁሉ ሱቁን ያሞቀዋል እንጂ ሱቁን የሚያቆመው ፒያኖው ነው። በ1909 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ360 ሺህ በላይ ፒያኖ ሠርተዋል። የአገሩ ሕዝብ ያኔ 90 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ፒያኖ በአንድ ጊዜ ከፍሎ የሚወስደው ጥቂት ሰው ነው። ሌላው ቀብድ ይሰጥና ቀሪውን በየወሩ ይከፍላል፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ፒያኖው ሳሎን ውስጥ ቆሞ እንግዳ ሲገባ ይታያል፣ ሴት ልጅ ስታድግ ትማርበታለች፣ እሑድ ማታ ቤተሰቡ ከብቦት ይዘፍናል። ገዢ የሚጠብቅ ሻጭ ሰነፍ ይባላል፤ ጎበዙ በየቤቱ እየዞረ በር ያንኳኳል። የፒያኖ ቃኚውም ለሱቁ ዓይን ነው። ክር ሊወጥር በገባበት ቤት የትኛው ፒያኖ እንዳረጀ፣ የማን ልጅ ለትምህርት እንደደረሰች አይቶ ይመጣል።

ዕቃውም ክብደት አለው። ከ200 በላይ የብረት ክሮች በብረት ፍሬም ላይ ተወጥረዋል፤ የሁሉም ውጥረት ሲደመር 18 ቶን ያህል ይሆናል። የቁልፎቹ ነጭ ገጽ የዝሆን ጥርስ ነበር። በኮነቲከት ግዛት አይቮሪተንና ዲፕ ሪቨር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች ኑሯቸው ይህንን ጥርስ እየሰነጠቁ፣ ፀሐይ ላይ እያነጡ ለፒያኖ ፋብሪካ ማቅረብ ነበር። ጥርሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ በዛንዚባር በኩል የመጣ ነው። በአዮዋ አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቷን ስትለማመድ ጣቷ ያረፈው በእኛው አህጉር በተገደለ ዝሆን ጥርስ ላይ ነበር። ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ስለ ፒያኖ ወርቃማ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታልና።

አሁን የነገሩ እምብርት ላይ ደርሰናል። መጫወት የሚያውቀውን አድማጭ ያደረገው ራዲዮ ነው ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። ያንን ሥራ የጀመረው የፒያኖ ንግድ ራሱ ነው።

ፒያኖ መጫወት ዓመታት ይፈጃል። ብዙ ሰው ፒያኖ መግዛት ይችላል፤ መጫወት ግን አይችልም። ነጋዴው ይህን እንቅፋት ለማንሣት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣለትን መሣሪያ አቀፈ፦ ራሱን የሚጫወት ፒያኖ። አሠራሩ ያስደንቃል። የዘፈኑ ኖታ በረጅም ወረቀት ላይ ቀዳዳ ሆኖ ተበስቷል። ወረቀቱ እየተጠቀለለ፣ 88 ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት የናስ ዘንግ ላይ ያልፋል። የተቀመጠው ሰው በእግሩ ፔዳል እየረገጠ ወናፍ ያንቀሳቅሳል፤ ወናፉ ከመሣሪያው ውስጥ አየር ይመጥጣል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከናሱ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም አየር ሽው ብሎ ይገባና ቫልቭ ይከፍታል። ያን ጊዜ የዚያ ቁልፍ የራሱ የሆነች ትንሽ ወናፍ ትኮማተራለች፤ ስትኮማተር መዶሻው ተነሥቶ ክሩን ይመታል። ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። ቡፋሎ ከተማ ላይ በ1908 የተሰበሰቡ አምራቾች በወረቀቱ ስፋትና በቀዳዳዎቹ ቁጥር ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህ የማንም ፋብሪካ ጥቅል በማንም ፒያኖ ላይ ይጫወታል።

የቺካጎው ጉልብራንሰን ኩባንያ አርማው ፔዳሉን በእጁ የሚጫን ሕፃን ነበር። ሕፃን እንኳ ይጫወተዋል ማለት ነው። ይኸው ኩባንያ ሻጭ ገዢን እንዳያታልል ዋጋውን ከፒያኖው ጀርባ ላይ ያትም ነበር፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ማስታወቂያዎቹ ላይ ዋጋው ከ400 እስከ 700 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በ1920ዎቹ አጋማሽ የፎርድ መኪና ከ300 ዶላር በታች ይገኝ እንደነበር ካስታወስን፣ ቤተሰቡ ለዚህ ዕቃ ምን ያህል ይሰጥ እንደነበር ይገባናል። ገንዘብ ለተረፈው ደግሞ አምፒኮና ዱዎ-አርት የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። በአምፒኮ ራክማኒኖፍ፣ በዱዎ-አርት ፓዴሬቭስኪ ራሳቸው የተጫወቱት ነው የሚሰማው፤ ጣታቸው ያጠነከረውና ያለዘበው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል።

በ1923 በአሜሪካ ከተሠሩት ከ340 ሺህ በላይ ፒያኖዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን የሚጫወቱ ነበሩ። ነጋዴው ደስ አለው። ገበያው ወደ 1909 ከፍታ ተመለሰ ብሎ አመነ። ቁጥሩን ሳየው ግን እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ገዢ አንዱ፣ ከዚያም በላይ፣ ፒያኖ የገዛው ሊማርበት ሳይሆን ሊሰማው ነው። ሙዚቃ መስማት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚህ የረከሰና ብዙ ዘፈን የሚሰጥ ዕቃ ከመጣለት ምን ያደርጋል?

ዕቃው እየመጣ ነበር። ዴቪድ ሳርኖፍ የሚባል፣ በልጅነቱ ከሩሲያ ግዛት የተሰደደ ወጣት የኩባንያ ሰው፣ ለአለቆቹ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ራዲዮን እንደ ፒያኖና እንደ ግራሞፎን የቤት ዕቃ እናድርገው፤ የሙዚቃ ሳጥን ብለን በ75 ዶላር እንሽጠው። የሙዚቃ ሳጥን ማለቱን ልብ በሉ። ራዲዮ ዜና ማሰራጫ፣ ትምህርት ቤት፣ የፖለቲካ መድረክ ከመሆኑ በፊት በሳርኖፍ አእምሮ የተጸነሰው ሳሎን ውስጥ ካለው ፒያኖ ጋር የሚወዳደር ዕቃ ሆኖ ነው። እሱ የሚሠራበት አርሲኤ የተባለው የራዲዮ ኩባንያ በ1922 የ11 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1924 የ50 ሚሊዮን ዶላር መቀበያ ሸጠ።

ሲንሲናቲ ውስጥ ፓወል ክሮስሊ ለሚባል ነጋዴ በ1921 ልጁ ራዲዮ ግዛልኝ አለው። ሱቅ ሄዶ ዋጋ ሲጠይቅ ከ100 ዶላር በላይ አሉት። ለመጫወቻ ይህን ያህል አልከፍልም ብሎ፣ አሠራሩን የሚያስተምር መጽሐፍ በ25 ሳንቲም ገዝቶ ወጣ። ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሠራ። በዓመቱ ርካሽ ራዲዮ በፋብሪካ ደረጃ የሚያመርት ሰው ሆነ።

ባለሱቁ በ1924 ምን አድርጎ ነበር? ራዲዮውን አመጣው፤ የት እንደሚያስቀምጠው ሲያስብ ከፒያኖ ክዳን የተሻለ ቦታ አላገኘም። ሆኖም ይህ ዕቃ እስከዚያ ከለመደው ሁሉ የተለየ ነበር። ፒያኖ ገዢው ቤት ከገባ በኋላ በዓመት አንድ ሁለቴ ቃኚ ይላክለታል፣ በቃ። የዚያ ዘመን ራዲዮ ግን ሁለት ዓይነት ባትሪ ይፈልጋል። አንደኛው እንደ መኪና ባትሪ አሲድ ያለበት ነው፤ ተሸክመው ወስደው ያስሞሉታል፣ ሲፈስም ምንጣፍ ይበላል። ፊቱ ላይ ሦስት መዘውሮች አሉት፤ አንድ ጣቢያ ለመያዝ ሦስቱም መግጠም አለባቸው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ የእያንዳንዱን ጣቢያ ቁጥር ደብተር ላይ ይጽፋል። እንደ አምፖል ያለው የራዲዮው ቫልቭ ይቃጠላል። ጣሪያ ላይ አንቴና መዘርጋት አለበት። ክረምቱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ አየሩ ይንጫጫል፣ ሽያጭ ይቆማል። ገዢው በየሳምንቱ ይጠራል፦ አልሰማ አለኝ፣ ኑ! ለባለሱቁ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ዋጋው ነው። ዛሬ በመቶ ዶላር የገዛው ዕቃ፣ ፋብሪካው አዲስ ዓይነት ባወጣ ማግስት መጋዘኑ ውስጥ አርጅቶ ይቀራል። ሃምሳ ዓመት የሚቆይ ዕቃ መሸጥ የለመደ ሰው በየዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ መሸጥ ሌላ ሙያ ሆነበት።

ግን መተው አይችልም። እሱ ባይሸጠው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ፣ የመኪና ጎማ ሱቁ፣ ትልቁ መደብር ይሸጠዋል። ሸጡትም። በአሜሪካ የራዲዮና የመለዋወጫው ሽያጭ በ1922 ከነበረበት 60 ሚሊዮን ዶላር በ1929 ከ840 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

የኖታ አሳታሚዎቹስ? እነሱም ተደናገጡ፤ ከፒያኖ ሻጩ ይልቅ ግን ጉዳዩን ቶሎ ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ኒው ጀርሲ፣ ኒውአርክ ውስጥ ባምበርገር የሚባል ትልቅ መደብር ደብልዩኦአር የተባለ የራሱ ራዲዮ ጣቢያ ነበረው። ዊትማርክ የተባለው አሳታሚ ዘፈኔን ያለ ፈቃድ አሰምታችኋል ብሎ ከሰሰው። መደብሩ ለአድማጭ በነፃ ነው የምናሰማው አለ። ዳኛው በ1923 የወሰነው ግን፣ ጣቢያው በየጊዜው የመደብሩን ስም የሚጠራ ከሆነ ለትርፍ ነው የሚሠራው ብሎ ነው። ሃሚልተን ሱቅ ከኮንራድ ጋር የተስማማበትን ነገር ሕግ በሦስት ዓመቱ ስም አወጣለት ማለት ነው። የአሜሪካ አሰራጮች ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት፣ ከዚሁ የክፍያ ክርክር ውስጥ ነው።

ሸክላ አምራቹ ቪክተር ለረጅም ጊዜ ራዲዮን ፊት ነሣው። ካምደን ከተማ ያለው ፋብሪካው ትልቅ፣ ስሙ የገነነ ነበርና ያልፋል ብሎ ጠበቀ። አላለፈም፤ ሽያጩ እየወረደ ሄደ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1925 ምሽት ቪክተር ተሸነፈና ከዋክብቱን ጆን ማኮርማክንና ሉክሬትሲያ ቦሪን በኒውዮርክ ራዲዮ አስዘፈናቸው። ማኮርማክ ያን ማታ ያሰማው የአርቪንግ በርሊን ዘፈን በኖታም በሸክላም እጅግ ተሸጠ። የዊልኪንስበርጉ ባለሱቅ ከአምስት ዓመት በፊት ያወቀውን፣ ትልቁ ኩባንያ ያን ጊዜ አወቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በኤሌክትሪክ የተቀረጸን ሸክላ አጥርቶ የሚያሰማ አዲስ ግራሞፎን አወጣ፤ ሸክላ ነፍስ ዘራ። በ1929 ግን ቪክተርን ሳርኖፍ የሚሠራበት አርሲኤ ገዛው።

ራሱን ለሚጫወተው ፒያኖ እንዲህ ያለ ትንሣኤ አልመጣለትም። ትልቁ የጥቅል ወረቀት አምራች ኪውአርኤስ በ1926 አሥር ሚሊዮን ያህል ጥቅል ሸጦ ነበር። ያው ኩባንያ ግን የራዲዮ ቫልቭም ይሠራ ጀመር፤ ባለቤቶቹ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይተዋል። በ1927 ግድግዳ ላይ ካለ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ ራዲዮ ገበያ ሲገባ ባትሪው ቀረ፣ አሲዱ ቀረ፣ ምንጣፉም ዳነ። አንድ መዘውር ማዞር ብቻ ሆነ። ፔዳል ከመርገጥ ይኸኛው ይቀላል። ሕፃኑም ይችለዋል።

አምራቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቀደም ብለው፣ በ1916፣ ሰው ሙዚቃን ራሱ እንዲሠራ የሚያበረታታ ቢሮ በገንዘባቸው አቋቁመው ነበር። ቢሮው በከተሞች የሙዚቃ ሳምንት እንዲከበር አደረገ፤ ከ1924 ጀምሮ በዓሉ አገር አቀፍ ሆነ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን በቡድን ፒያኖ እንዲያስተምሩም ወተወተ። ከንግዱ ምላሾች ሁሉ እውነተኛው ይህ ይመስለኛል። ገዢን ከማባበል ይልቅ ተጫዋች ለማፍራት የሞከረ ሥራ ነበር፤ ፍሬው ግን በአንድ ትውልድ እንጂ በአንድ የሒሳብ ዓመት አይታይም።

ከዚያ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። አምፒኮን የሚሠራው የአሜሪካን ፒያኖ ኩባንያ በዲሴምበር 1929 በፍርድ ቤት ባለአደራ እጅ ገባ። በ1932 ከቀድሞ ተቀናቃኙ ከኤዎሊያን ጋር ተዋሐደ። በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ የተሠራው ፒያኖ ከ30 ሺህ አይበልጥም፤ ከ1923 ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። የሲንሲናቲው የፒያኖ ኩባንያ ባልድዊን በደጉ ዘመን ለክፉ ቀን ብሎ ገንዘብ አስቀምጦ ስለነበር ቆመ። ብዙዎቹ አላስቀመጡም።

ፒያኖን የጣለው የዘመኑ ድህነት ብቻ ነው እንዳይባል፣ የ1930 የሕዝብ ቆጠራ አለ። ቆጣሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ራዲዮ አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። 12 ሚሊዮን ቤተሰብ አለን አለ፤ ከመቶ 40 ማለት ነው። ገንዘብ በጠፋበት ዘመን እንኳ ራዲዮ ከቤት አልወጣም።

ፒያኖ በ1930ዎቹ አጋማሽ ተመለሰ፤ ሲመለስ አጭርና ቀላል ሆኖ፣ ትንሽ አፓርትማ የሚበቃው ሆኖ ነው። በ1937 ምርቱ እንደገና ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ ወናፍ ያለው የለም ማለት ይቻላል። የቀረው ገዢ በእጁ ሊጫወት፣ ልጁን ሊያስተምር የሚገዛ ሰው ነበር። ንግዱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ጥንቱ ደንበኛው ተመለሰ።

የድሮዎቹ ግን ገና በየቤቱ አሉ። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎች፣ አሮጌ ፒያኖ በነፃ ውሰዱልን የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። ከጎረቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከሞተ ሰው ቤት ይወጣል፤ ማንሻ ካጣ ይሰበራል። እንዲህ ያለ ቢገጥማችሁ ከቁልፎቹ በላይ ያለውን ሰሌዳ እዩት። ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ሁለት ትንንሽ በሮች ካሉት ክፈቷቸው። ውስጡ 88 ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት የናስ ዘንግ ካገኛችሁ፣ ወናፉ ተቀድዶ ቢሆን እንኳ ጨርቁና ጎማው ይቀየራል፣ ይሠራል። ከመጣሉ በፊት ወደ አንድ የፒያኖ ባለሙያ ደውሉ።